የነጭ ጨርቋ ሙሽራ

በሕይወቴ የሠራሁት ፊልም አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ድምፅ የለውም። ይህን ስናገር የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ የሚያውቁኝ በድምፄ ነዋ። በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ፊት መስመር ላይ ቆሜ ስዘምር ማይክ አያስፈልገኝም ነበር። አባቴ "ይህች ልጅ ገበያ መሃል ብትጠፋብኝ ስትስቅ ሰምቼ አገኛታለሁ" ይል ነበር። ታዲያ ያንን ሁሉ ድምፅ ይዤ ሶዶና ዙሪያዋ ያወቀኝ አፌ እየተንቀሳቀሰ ምንም በማይሰማበት ሥዕል ሆነ። ስለዚያ ፊልም ሳስብ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል። ለምን እንደሚግለኝ ለመናገር ከመጀመሪያው ልጀምር።

ወላይታ ገና ራሱን የቻለ ዞን ሳይሆን፣ ሰሜን ኦሞ ተብለን ከእነ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ጋር በአንድ ላይ በነበርንበት ዘመን ነው። እኔ ሶዶ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ስለ ኤድስ ሕዝብ የሚያስተምር ፕሮጀክት ከአዲስ አበባ መጣና ለዞኑ ሁሉ የሚሆን ፊልም እሠራለሁ አለ። ታሪኩ አጭር ነው፤ አንዲት ልጅ ሳትመረመር ታገባለች፣ ባልየው ይታመማል፣ ይሞታል፣ እሷ ከነሐዘኗና ከነበሽታው ትቀራለች። ዳይሬክተሩ ጽሑፉን ሊያስተይብ እኛ ቢሮ መጣ። እኔ እየተየብኩ የሚሞትበት ቦታ ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ። ሰውዬው አየኝና "አንቺ ነሽ" አለኝ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ከእኔ በፊት ብዙ ቤት አንኳኩቶ "ልጃችን የኤድስ በሽተኛ ሚስት ሆና ትታይ?" ተብሎ መመለሱን የሰማሁት በኋላ ነው።

አባቴ ጡረታ የወጣ ድሬሰር ነው። ስንቱን ቁስል ያጠበ ሰው ስለሆነ በበሽታ አይደናገጥም። "ለትምህርት ከሆነ ምን ነውር አለው?" ብሎ ፈቀደ። ይህቺን ቃሉን በኋላ ደጋግሞ ውጧታል።

ባል ሆኖ የተመረጠው ፎቶ ቤት የሚሠራ ልጅ ነበር። የሶዶ ሴት ሁሉ መታወቂያዋ ላይ ያለውን ፎቶ ያነሣት እሱ ነው። "አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዝቅ፣ አሁን የሚወድሽን ሰው አስቢ" ይልና አንቺ ስታስቢ ያነሣሻል። መልከ መልካም ነበር፤ ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። እናቱ ጉኑኖ አጠገብ ባለ መንደር የሚኖሩ ባልቴት ናቸው፤ ፊልሙም የተሠራው እሳቸው ግቢ ውስጥ ነው። ሌላ ሰው ቤቱን አልሰጥም ሲል እሳቸው "ልጄ ጠይቆኝ እንዴት እምቢ እላለሁ" ብለው ለቀቁ።

ድምፅ አይቀዳም ተባልን። አህያውና ነፋሱ ያበላሸዋል፣ ደግሞም ንግግሩ በየአካባቢው ቋንቋ በኋላ ይገባል አሉን። ስለዚህ ፊታችንን ብቻ ነበር የሚፈልጉት።

የሠርጉን ቦታ ስንሠራ ዳይሬክተሩ እውነተኛ ሽማግሌ ፈለገ። ከዚያው ከመንደሩ በዕድሜም በአንደበትም የተከበሩ አንድ አባት ተጠርተው መጡ። እኔና ልጁ ተንበርክከናል፤ የምርቃቱ ቅቤ በቅል ቀርቧል። ዳይሬክተሩ "አባባ፣ ድምፅ አንቀዳም፤ አፍዎትን ብቻ ያንቀሳቅሱልን" አላቸው።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ሴትና ወንድ አይለይም። "አፍ ብቻ? እኔ ጋ ውሸት ምርቃት የለም። ይሄ ልጅ የሰው ልጅ ነው" አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ፤ "ይሄም የሰው ልጅ ነው። ጭንቅላቱ ላይ ቅቤ አድርጌ ዝም ልበል?"

የአዲስ አበባ ሰዎች ሳቁ። "እሺ፣ እንደፈለጉ" አሏቸው። ሽማግሌውም በወላይትኛ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ አንድም ሳያጎድሉ መረቁን። ውለዱ አሉን። ክበዱ አሉን። ከአንድ ገበታ ብሉ አሉን። በመጨረሻም "እኔ ያሰርኩትን ከእኔ ፊት በቀር ማንም አይፍታው" አሉ። ቅቤው በጆሮዬ ጀርባ ሲወርድ ይሰማኛል። እኔም በኳየር ልማዴ፣ መንደሩ እስኪሰማ፣ "አሜን!" አልኩ። የባልየው እናት ከጓሮ ሆነው እልል አሉ።

ቀጥሎ የሚሞትበት ቦታ ነበር። ቤት ውስጥ መደብ ላይ አስተኙት፤ ፊቱን በዱቄት አገረጡት። እኔ አጠገቡ እንድቀመጥ ተደረገ። "ተነጋገሩ" አለን ዳይሬክተሩ፤ "ምንም በሉ፣ የፈለጋችሁትን በሉ፤ ፊታችሁ ብቻ ሐዘን ያሳይ።" ሰዓቱ ከምሳ አልፏል። እናቱ ጓሮ ለእኛ ምሳ ያሰናዳሉ፤ ጭሱ በመስኮት ይገባል፤ ሽታው ደግሞ ከጭሱ ይብሳል። ከሠርጉ ጀምሮ ያላወለቅሁት የፕሮጀክቱ የሙሽራ ጫማ እግሬን ቆርጦ ሊጥለው ነው።

ልጁ ዓይኔን እያየ፣ ቀስ ብሎ፣ በወላይትኛ እንዲህ አለኝ። "አለብኝ። እውነቴን ነው። ተመርምሬአለሁ። ለማንም አልነገርኩም፤ ላንቺ ነገርኩሽ።"

እኔ እጁን ይዤ ግንባሬ ላይ አደረግሁ። እንባዬ ወረደ፤ እንባ ለእኔ ቀላል ነው። ከዚያም አፌን ከፍቼ፣ ከንፈሬን እያንቀጠቀጥኩ፣ እንዲህ አልኩት። "ምሳ ደረሰ ወይ? ሆዴ ከጀርባዬ ተጣበቀ። ይህ ጫማም ገደለኝ።"

ዳይሬክተሩ አጨበጨበ። ካሜራማኑ ዓይኑን ጠረገ። እኔም ልጁን ትከሻውን መታ አድርጌ "ስታስመስል ግን ጎበዝ ነህ!" አልኩት። ዱቄቱን ከፊቱ እየጠረገ "አንቺም" አለኝ። ከዚያ ሄደን ምሳ በላን፤ ቆጮው ሳይበስል ቆይቶ ነበር፤ ጠግቤ በላሁ።

ፊልሙ ተቆርጦ ተቀጥሎ ሲመለስ አገሩ ሌላ ሆኖ ጠበቀው። በዚያ ወራት የልጆች የትምህርት ቤት መጽሐፍ በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ በሚለው ነገር ሶዶ ታምሳለች፤ ሰው ከሰው ሆድና ጀርባ ሆኗል። በዚያ ሰሞን ወረቀት ላይ "ይህ ፊልም በዚህ ቋንቋ ይናገር" ብሎ የሚፈርም የቢሮ ሰው ከየት ይምጣ? አንዱ ለአንዱ ሲገፋው ፊልሙ ዲዳ ሆኖ ቀረ። በመጨረሻ መፍትሔ የሆነው የፕሮጀክቱ ሾፌር ነው። የእኛው አገር ሰው ነው፤ አፉ እሳት ነው። ገበያ ቀን መኪናውን ያቆማል፣ ነጭ ጨርቅ በሁለት እንጨት ይወጥራል፣ ጄኔሬተሩን ያስነሣል፣ ሲጨላልም ማይኩን ይዞ የሁላችንንም አፍ ይናገራል። ለእኔ ድምፁን ያቀጥናል፣ ለሽማግሌው ያጎረንናል። ፈርም የሚለው ሰው ስለሌለ የመሰለውን ነው የሚለው።

የሚሞትበት ቦታ ሲደርስ ለልጁ "ሳልመረመር አግብቼሽ ገደልኩሽ፤ ይቅር በይኝ" ይልለታል። ለእኔ ደግሞ "ይቅር ብዬሃለሁ። ዓለም ቢሸሽህ እኔ አልሸሽህም" ይላል በቀጭን ድምፅ። ገበያው በሙሉ ያለቅሳል። አረካ ላይ ሳየው ሰው እንዳያውቀኝ ከጨርቁ ጀርባ ቆሜ ነበር። ከጀርባ ሲታይ ሁሉም ተገላቢጦሽ ነው፤ ቀኜ ግራዬ ሆኖ፣ ግዙፍ ሆኜ፣ ከንፈሬ እንደ በር እየተከፈተ። ከወዲያ ሴቶች በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ። እኔ ከወዲህ የገዛ ከንፈሬን አነባለሁ፤ ም-ሳ-ደ-ረ-ሰ-ወ-ይ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለራቤ ነው እንዴ ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚያለቅሰው?

ይህ ግን ገና ትንሹ ሐፍረት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው ስለ እኔ የሚወራውን መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ። የጨርቋ ሙሽራ ተባልኩ። ከዚያ "ሙሽራዋ እውነት አለባት፤ ያለዚያ እንዴት እንዲህ ታለቅሳለች?" ተባለ። የቢሮአችን ሻይ አፍይ የእኔን ብርጭቆ ለብቻ ማስቀመጥ ጀመረች፤ ጆሮው የተሸረፈ ስለሆነ ለይቼ አውቀዋለሁ። ጉንጬን ስመው ሰላም ይሉኝ የነበሩ ሴቶች እጅ መስጠት ጀመሩ። የኳየሩ መሪም አንድ እሑድ ጠራኝና "እኅቴ፣ ሰዉ አንቺን እያየ ቃሉን አይሰማም። ለጊዜው ከኋላ ቁሚ፤ ለአንቺው ብለን ነው" አለኝ። ከኋላ ቆምኩ። መቼም ከኋላ ሆኜም ድምፄ ይሰማል ብዬ አፌን ስከፍት ከፊት ያሉት ዞረው አዩኝ፤ ከዚያ ወዲህ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅስ ነበር። እንግዲህ ሙያው ሙያ ነው።

ምንም ጥፋት አልሠራሁም፤ ይህን አውቃለሁ። ሐፍረት ግን ጥፋት ይኑር አይኑር አይጠይቅም፤ መጥቶ ይቀመጣል። ከቢሮ ስወጣ በጀርባ መንገድ እሄድ ነበር። አባቴም ማታ ማታ ወደ ሰው የሚወጣበትን ልማድ ተወ፤ ለእኔ ምንም ሳይለኝ።

በዚህ መሃል አንድ የሚፈልገኝ ሰው ተገኘ። አረካ የሚያስተምር አስተማሪ ነው፤ ቤተሰቡ ጉኑኖ ናቸው። ከፊልሙ በፊት ኳየራችን አረካ ሄዶ ሲያገለግል ድምፄን ሰምቷል። ወሬው ሲነገረው "ፊልም እኮ ነው" ብሎ ሳቀ። እንዲህ ብሎ የሳቀ ሰው በዚያ ዓመት እሱ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ወደድኩት። እሱን ካገባሁ ስሜ ይታጠባል፣ አባቴም ቀና ብሎ ይሄዳል ብዬ አሰብኩ። ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረም።

ሽማግሌ ላከ። እኔ ጓዳ ሆኜ በበሩ ስንጥቅ ሳይ መጀመሪያ ጎንበስ ብለው የገቡት ማን ሆኑ? እኚያው መራቂዬ። የጉኑኖ ሰው ለትልቅ ጉዳይ እሳቸውን ነው የሚልከው፤ ለማን እንደተላኩ ግን በስም እንጂ በመልክ አያውቁም። ተቀመጡ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ እንሰት፣ ስለ ከብቱ ተጠያየቁ። ጉዳዩ ሊነሣ ሲል የሚጠጣ ይዤ እንድወጣ ተጠራሁ። ሽማግሌው ፊቴን አዩ። ብርጭቆውን ሳይቀበሉኝ ወደ አባቴ ዞሩ።

"ይህችን ልጅ እኔ ድሬአታለሁ" አሉ በወላይትኛ።

አባቴ "አባ፣ እሱ እኮ ፊልም ነው" አላቸው።

"ፊልሙ የእነሱ ነው፤ ምርቃቱ የእኔ ነው። እኔ አፌን አላከራየሁም። እሷም አሜን ብላለች፤ እንዴት ያለ አሜን! ጆሮዬ ውስጥ አሁንም አለ።"

ከጎናቸው የተቀመጡት ሰው ነገሩን ለማቅለል ፈልገው "ባልየው ሞቶ የለም እንዴ? እኔ ራሴ አረካ ገበያ ላይ ሲሞት አይቼዋለሁ" አሉ።

"ሞቶ ቢሆንማ ነገሩ ቀላል ነበር" አሉ ሽማግሌው። "እናቱ ጎረቤቴ ናቸው። በሕይወት አለ። በሕይወት ካለ መጥቶ በአፉ ይልቀቃት፤ ያን ጊዜ እኔው ለአስተማሪው እመርቃታለሁ። በአንድ አፍ ሁለት ባል አልሰጥም።"

አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። አባቴ አልሳቀም። እኔ ብርጭቆውን ይዤ መሃል ቤት ቆሜ ቀርቻለሁ፤ ልመለስ ወይ ላስቀምጥ አላወቅሁም። በሕልሜም ያላገባሁትን ሰው ልፈታ ነው። ሰው ሲያገባ ያፍራል፣ ሲፈታ ያፍራል፤ እኔ ሁለቱንም ሐፍረት ያለ አንድ ቀን ትዳር ወረስኩት።

ልጁ ቀን ተቆርጦለት አልመጣም። ፎቶ ቤቱ ጠይቀን ሥራ ከተወ ቆይቷል አሉን። ኦቶና ሆስፒታል አካባቢ ከአንድ ግቢ ጀርባ ተከራይቶ እንደሚኖር ሰማንና ሽማግሌው፣ አባቴና እኔ ሄድን።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ስንገባ አልጋው ላይ ተቀምጦ ፀጉሩን በእጁ ሊያስተካክል ሞከረ። በዱቄት ያገረጡት ፊት ምንም አልነበረም፤ እውነተኛው እንዲህ አይደለም። አባቴ አንዴ አየውና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ፤ ድሬሰር ነው፣ ገባው። ሽማግሌው ግን የመጡበትን ያውቃሉ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው "ልጄ፣ ይህችን ልጅ በእኔ አፍ ተቀብለሃታል። ሌላ ሰው ፈልጓታል። ትለቃታለህ ወይ?" አሉት።

ፈገግ አለ። "በዝምታ አግብቼ በድምፅ ልፍታት?" አለ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደበት። ሳሉ ሲለቀው "ለቅቄአታለሁ። በሰላም ትሂድ፤ በሰላም ትኑር" አለ። ሽማግሌው እጃቸውን በሁለታችንም ራስ ላይ በየተራ አድርገው ያሰሩትን ፈቱት። አለቀ። ቀሎኝ መውጣት ነበረብኝ።

እነሱ ወደ ግቢው ሲወጡ ልጁ በስሜ ጠራኝ። "ያን ቀን ነግሬሽ ነበር እኮ" አለኝ።

ወዲያው ገባኝ። ፊቴ ሲነድ ይሰማኛል። በየገበያው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ልጁ እውነቱን ሲናገር ኖሯል፤ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም "ጎበዝ ነህ" ብዬ ትከሻውን መትቻለሁ።

"እኔ እኮ... የምታስመስል መስሎኝ..." አልኩ።

"አውቃለሁ። ምሳውን ነው የጠየቅሽኝ።" አሁንም ሳቀ። "አትፈሪ፣ አልተቀየምኩም። ድምፅ የለም ሲሉኝ ነው ድፍረቱ የመጣልኝ። ሰው ሲሰማ ይሸሻል፤ አንቺ ሰምተሽ ምሳ ጠየቅሽ፤ ደስ አለኝ።" "ለእናቴ ለመንገር ግን አፌ እምቢ አለኝ" አለ። "ገበያ ላይ ቆማ አይታኛለች። አፌን አየች እንጂ አልሰማችም።"

ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደሄደ አላውቅም። እጁን ጨብጬ ወጣሁ።

የአስተማሪው ሽማግሌዎች ተመለሱ፤ ነገሩ አለቀ፤ ሠርጉ ከመስቀል በኋላ ተባለ። የአስተማሪው እናት ቀሚስ ላኩልኝ። ልጁ ግን መስቀልን ሳያይ ሞተ። ሬሳውን ወደ እናቱ መንደር ወሰዱት። አባቴ "አትሂጂ፤ ገና ስምሽ እየጸዳ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ግን በየገበያው አልቅሼለት በገዛ ቤቱ ልቅር? ጠዋት ምንም ሳልቀምስ ተነሥቼ ሄድኩ።

ያ ፊልም የተሠራበት ግቢ ነው። ድንኳን ተጥሏል፤ ሰዉ ብዙ አልነበረም፤ የበሽታው ስም ባይነገርም ሁሉም ገምቷል። የአስተማሪው እናት ጎረቤት መንደር ስለሆኑ ለእድር መጥተው ከሴቶቹ መሃል ተቀምጠዋል። ሽማግሌውም አሉ። ስገባ ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሹክሹክታው እንደ ዝናብ መጀመሪያ ተነሣ፤ ሙሽራዋ፣ ሙሽራዋ። ራሴን ደፍቼ ጥግ ልይዝ ስል የሟች እናት እጃቸውን ዘርግተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

ማልቀስ ነበረብኝ። ሁሉም እየጠበቀ ነው። እንባ አልመጣም። ለእኔ ቀላል ያልኩት እንባ በዚያ ቀን ከየት ይምጣ? ሐፍረቴ እንባዬን ዘጋው።

እናቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በዚያ ጨርቅ ላይ ሊሞት ሲል ልጄ ምን አለሽ?"

"ይቅር በይኝ አለኝ" አልኩ።

"እሱንማ ማይኩ ነግሮኛል" አሉ። "ሾፌሩ አረካ ላይ አንድ ይላል፣ ጉኑኖ ላይ ሌላ ይላል። እኔ የምጠይቅሽ ልጄ ያለውን ነው። ከንፈሩን አይቻለሁ፤ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ልለየው አልቻልኩም። ዓይኔ ደክሟል።"

ሹክ ብዬ ነገርኳቸው። እንዳለ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። አለብኝ አለኝ። ተመርምሬአለሁ አለኝ። ለማንም አልነገርኩም፤ ላንቺ ነገርኩሽ አለኝ።

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ አሁን ሹክ ሳይሉ፣ "አንቺስ? አንቺ ምን ብለሽ መለስሽለት?" አሉኝ።

ድንኳኑ ሁሉ ሰማ። የሾፌሩ መልስ አፌ ላይ ነበር፤ ያማረ መልስ ነው፤ ብናገረው ሁሉም ያለቅስ ነበር። የአስተማሪው እናት ያዩኛል። ሽማግሌው ያዩኛል። እኚህ ሴት ግን የሾፌሩን ሰምተዋል፤ የፈለጉት የእኔን ነው።

"ምሳ ደረሰ ወይ አልኩት" አልኩ።

ከኋላዬ አንዷ በአፍንጫዋ ሳቀች። እኔ አንገቴን ሰብሬ ቅጣቴን ጠበቅሁ።

"ያን ቀን ምሳውን ያዘገየሁት እኔ ነኝ" አሉ እናቱ። "እንጨቱ እርጥብ ነበር። ቆጮው አልበስል አለኝ።" ከዚያ ወደ ጓሮ፣ ወደሚያስተናግዱት ሴቶች ዞረው ተጣሩ። "ለልጄ ሚስት ምሳ አምጡላት!"

የአስተማሪው እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ። ከዚያ ቀን በኋላ ከዚያ ቤት ሽማግሌ ወደ እኛ አልመጣም፤ ቀሚሱንም አባቴ መለሰላቸው። ያን ጊዜ ግን ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ቆጮውና ጎደሬው ከዳጣ ጋር መጥቶ ፊቴ ተቀመጠ። እናቱ ቆርሰው መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ፤ ቀጥለው ለራሳቸው ቆረሱ። መራቂዬ ሽማግሌ አንዴ አዩንና ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ።

ያ ሁሉ ሰው እያየኝ በላሁ። አፍሬ ነበር፤ ግን ደግሞ ርቦኝ ነበር።